አየነው ሲባል አቤት ያለው

ዐማን፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ ይኸነው ገበየሁ
ቆሰበር

ጋሼ፣ ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ደጅዎ ይግባ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዳማው ፈረስዎስ? እኔ በእናንተ ጸሎት ደህና ነኝ። የማስታምማቸው አሮጊትም ደህና ናቸው፣ ቁጣቸውም እንደ ወትሮው ነው።

የጥር ሃያ ሦስቱን የፈረሰኞች ማኅበር በዓል ፎቶ አየሁት። ጋሼ፣ እንዴት ያምራሉ! ቀዩ የኮርቻ ጌጥ አዲስ ነው አይደል? ከዚያ ሁሉ ፈረሰኛ መካከል ዓይን የሚገቡት እርስዎ ነዎት። አሳትሜ ከአልጋዬ በላይ ለጥፌዋለሁ፤ የሚመጣ የሚሄደውን ሁሉ «ይኼ አጎቴ ነው» እያልኩ አስቸገርኩ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እናቴ በስልክ ባገኘኋት ቁጥር «ሁሉም ደህና ነው» ትለኛለች፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይሄዳል። ባለፈው እሑድ ግን አመለጣት። አባቴ ውኃ ቢጠጣ ቢጠጣ አይረካም አለችኝ። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ይወጣል። ከመክሳቱ የተነሣ ቀበቶውን በምስማር በስቶ ሁለት ቀዳዳ ጨምሮበታል። በመጋቢት ድንጋይ የቆረጠው እግሩ ደግሞ እስከ ዛሬ አልደረቀም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ስኳር ያለባቸውን ሴት ሦስት ዓመት ሙሉ ሳስታምም ኖሬ ይህን ምልክት አውቀዋለሁ። እሳቸውን የሚያያቸው የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው። በየወሩ እወስዳቸዋለሁ፤ እግራቸውን ጣት በጣት ገልጦ ነው የሚያየው። የሰው እናት እግር ሲታይ አጠገብ ቆሜ የአባቴን እግር የሚያይለት መጥፋቱ ያንገበግበኛል።

ጋሼ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። የጤና መድኑን የሚቀበል የውስጥ ደዌ ሐኪም ፈልገው አባቴን ያሳዩልኝ። የግል ክሊኒክ ለአንድ ቀን ይሆናል፤ ይህ በሽታ ግን የዕድሜ ልክ ክትትል ነው የሚፈልገው፣ እኔ ደግሞ ነገ ሥራ ላይ ልኑር አልኑር አላውቅም። መድኑን የሁለታችሁንም ቤት በየካቲት እንዳሳደሱ ነግረውኛል፣ የአባቴም ደብተር እርስዎ ዘንድ ነው።

ይህን ደብዳቤ ፎቶ አንሥቼ ለአዝመራው ኮፒ ቤት እልካለሁ። ኢንተርኔት ባገኘ ቀን አትሞ ይስጥዎት። ዳንግላ ወርደው ለአባቴ ያንብቡለት። እሱ ፊደል አልቆጠረ፣ ከእርስዎ ሌላ ዓይን የለውም።

ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ የምሥራች አየነው


ቆሰበር፣ ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየምሥራች

በሰው አገር ያለሽውን ልጄን እግዚአብሔር በመዳፉ ይያዝሽ፤ ያቺን ቁጡ አሮጊትም ልቧን ያለስልስልሽ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ገብቷል፣ ቆሰበር ጭቃ ብቻ ሆናለች፣ ብርዱ እንደምታውቂው ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ግንቦት ሳያልቅ ነው። መልሱ የዘገየው በእኔ ጥፋት ነው፤ አንድ ሆቴል ሃያ የቀርከሃ ወንበር አዝዞኝ እጄ ከመጋዝ አልተላቀቀም ነበር። የሆነ ሆኖ ዳንግላ ወርጄ፣ ከአስፋልቱ በጋሪ ገብቼ፣ ለአባትሽ አነበብሁለት። እናትሽ እንቁም ቁጭ ብላ ሰማች። ስለ ፎቶው ያልሽውን ሁለት ጊዜ አስደገመኝና ሳቀ። ስለ ሐኪም ያልሽው ላይ ስደርስ ግን ፊቱ ጠቆረ። «እግር ነው፣ ይድናል በላት» አለኝ። ግትርነቱን ታውቂው የለ? ልጅ ሆነን ጥርሱን ሲያመው እንኳ ለአባታችን አይናገርም ነበር።

አሁን ሐኪሙን በተመለከተ። ልጄ፣ ነገሩ እዚያ ሆነሽ እንደምታስቢው አይደለም። መድን የሚቀበል የውስጥ ደዌ ሐኪም እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። እሱም የሚያየው ማክሰኞ ብቻ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ካርድ ክፍል ያልተሰለፈ ሰው ተራ አያገኝም። ነርሷ ስም ስትጠራ ድምጿ ቀጭን ስለሆነ ከበሩ ሥር መቆም ግድ ነው፤ አንዴ ካለፈሽ አለፈሽ። ዶክተር እንዳልካቸው ይባላል። ደግ ሰው ነው፤ የበሽተኛ እጅ ከመያዙ በፊት የራሱን እጅ አፋትጎ ያሞቃል አሉ። ግን ምን ያደርጋል፣ ሰው በዝቶበት አዲስ በሽተኛ አይቀበልም ይባላል። እኔም እየጠየቅሁ ነው። በር አላንኳኩም እንዳትይኝ።

እስከዚያው ቁስሉን በጨውና በሞቀ ውኃ እጠቡት ብያለሁ። ሐሳብ አይግባሽ። አባትሽ የኔም ወንድም ነው እኮ።

እመቤታችን በሄድሽበት ትቅደምሽ።

አጎትሽ ይኸነው ገበየሁ


ዐማን፣ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ይኸነው

እንደምን ከረሙ፣ ጋሼ? ክረምቱን እግዚአብሔር በደህና ያሳልፍልዎ። ለጥያቄዬ ይህን ያህል መድከምዎ ልቤን ነክቶታል።

ስለ ዶክተሩ የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እጁን አሙቆ በሽተኛ የሚይዝ ሐኪም! እኔ የምፈልገው እሱን ነው። ግን አዲስ በሽተኛ አይቀበልም ማለት ምን ማለት ነው? ይህን ያለዎ ማን ነው? እዚህ ያሉ የአገራችንን ልጆች ጠይቄ ነበር። ከጤና ጣቢያው ሪፈር የተጻፈለት ባለ መድን እንዴት ይመለሳል ነው የሚሉኝ። መንገዱ ይኼው አይደል? መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር፣ ከዚያ ሆስፒታል። እርስዎ ካርድ ክፍሉ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ የት መቆም እንደሚሻል እንኳ አጣርተዋል፤ ከዚህ በኋላ የቀረው አባቴን ይዞ መሄድ ብቻ ነው።

እንቢ ይላል ብለውኛል። ለእርስዎ ግን እንቢ ብሎ አያውቅም። «ልጅህ እያለቀሰች ነው» ይበሉት፤ ውሸት አይደለም።

ለመጓጓዣም ለግል ምርመራም የሚሆን ትንሽ ነገር ልኬያለሁ፤ ምናልባት ሆስፒታሉ ቢዘገይ ብዬ ነው። ደግሞ አንድ ነገር፦ የደብተሩን የዘንድሮ ማኅተም አዝመራው ፎቶ ያንሣልኝ። እንዲያው ባየው ልቤ ያርፋል።

መልስዎ እንደ ባለፈው አይቆይብኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የምሥራች


ቆሰበር፣ ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየምሥራች

ዘመን ሊለወጥ ነው፤ አዲሱ ዓመት ለአንቺ የምትስቂበት ይሁንልሽ። መልሴ ስለዘገየ ይቅር በይኝ፤ መንገዱም ኔትወርኩም ባንድ ላይ ተዘግተውብን ሰነበቱ።

የላክሽው ደርሷል። አባትሽን ዳንግላ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድሁት። ያገኘነው ወጣት ሆዱን ጫን ጫን አድርጎ «ጨጓራ ነው» አለን። ስኳር የሚባለውን እንዲያይልን ነገርሁት፤ መመርመሪያው አልቋል አለኝ። ቁስሉን አጥቦ ጠቅልሎ፣ ክኒን ሰጥቶ ሸኘን። የላክሽው እዚያው አለቀ፤ ሌላ ቢኖርሽ ደግ ነበር፣ ከሌለሽም ምን ይደረጋል።

ዶክተር እንዳልካቸው ለሥልጠና ሄዷል። መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። አየሽ፣ ዕድላችን እንዲህ ነው። የደብተሩንም ማኅተም ፎቶ እንዳላስነሣ የአዝመራው ካሜራ ተበላሽቷል፤ ዝናብ ገባበት መሰለኝ። ማኅተሙ ግን አለ። ስልሽ እመኚኝ።

ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ጠበል እያስገባነው ነው። እግሩን እያነከሰ ይሄዳል እንጂ መንፈሱ ደህና ነው። ከአሁን ወዲያ ስትጽፊ ግን የሐኪሙን ነገር ቀለል አድርጊው። ሲነበብለት ይከፋዋል፣ እኔም ለማንበብ እቸገራለሁ። ስለ ሥራሽ፣ ስለ አሮጊቷ ጻፊለት፤ እሱን ይወዳል።

ልጄ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር ነበረኝ፣ ግን ወረቀቱ አለቀ።

ቸር ያሰማን።

አጎትሽ ይኸነው


ዐማን፣ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ይኸነው

እንኳን አደረስዎ። ይህን ደብዳቤ በአዝመራው በኩል አልላክሁትም። ወደ አገር ለምትመለስ ልጅ አሽጌ ሰጥቻታለሁ፤ ከአዲስ አበባ ለሹፌር ሰጥታ ከእጅዎ እንድታስገባልኝ ቃል አስገብቻታለሁ። ከእርስዎ በቀር ማንም እንዲያነበው አልፈለግኩም።

ወረቀቱ አለቀ ብለውኝ ነበር። አዝመራው በላከልኝ ፎቶ ላይ ግን ከስምዎ በታች ግማሽ ገጽ ባዶ ነው። ካሜራው ተበላሸ ያሉኝን ደብዳቤ ፎቶ ያነሣውም ያው ካሜራ ነው። ይህን ሁሉ አይቼ ነገሩን እንደ ቀልድ ላልፈው ነበር።

ከቆሰበር አዲስ የመጣች ልጅ አለች፣ ሰርክአዲስ ትባላለች። እሑድ ቤቴ መጥታ ፎቶዎን አየች። «እኚህንማ አውቃቸዋለሁ» አለችኝ። እናቷ የደም ግፊት አለባቸው፤ እሷ ከመምጣቷ በፊት ማክሰኞ ማክሰኞ ዶክተር እንዳልካቸው ጋ ይዛቸው ትሄድ ነበር። «ተራቸው ከእናቴ ቀጥሎ ነው፤ አየነው ገበየሁ ይባላሉ» አለችኝ። «አይደለም፣ አየነው አባቴ ነው፤ እኚህ ይኸነው ናቸው» አልኳት። «እኔንጃ፤ ነርሷ አየነው ገበየሁ ብላ ስትጠራ አቤት የሚሉት እሳቸው ናቸው። ከሚያዝያ ጀምሮ በየወሩ አይቻቸዋለሁ። ጳጉሜን ልመጣ ስል እንኳ እዚያው ነበሩ» አለችኝ።

ሳቅኩ። ሳቅኩና «ተሳስተሽ ይሆናል» አልኳት። ፊቴ ግን እሳት ሆነ።

ጋሼ፣ ዶክተሩ ለሥልጠና አልሄደም ማለት ነው። አባቴም ከሚያዝያ ጀምሮ ሐኪም ነበረው ማለት ነው፤ በአባቴ ስም ገብተው የሚታዩት እርስዎ ሆነው ነው እንጂ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ እለምንዎታለሁ፣ ጉልበትዎ ላይ እወድቃለሁ። ካልተሳሳትኩ ግን አንድ ጊዜ እውነቱን ይንገሩኝ። ለእናቴም ለማንም አልተናገርኩም።

የአባቴ እግር እንዴት ነው? እውነቱን።

የምሥራች


ቆሰበር፣ ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለየምሥራች

ሰላምታ አልጽፍም፤ ምን ፊት አለኝና።

ሰርክአዲስ አልተሳሳተችም። አቤት የምለው እኔ ነኝ።

አምና በታኅሣሥ የላክሽው የሁለት ቤት መዋጮ ነበር። የአባትሽን አሳደስሁ። የራሴን ግን ኮርቻና ጌጥ ገዛሁበት፤ ያን በፎቶ ያየሽውን። የማኅበሩ ፈረሰኛ ሁሉ ፈረሱን አስጊጦ ሲወጣ እኔ በተበጠሰ ልጓም ልሰለፍ? አፈርሁ። እኔ ምን ያመኛል፣ እንደ ብረት ነኝ ብዬ ነው። ከዚያ የሁለቱንም አሳደስሁ ብዬ ዋሸሁሽ።

በሚያዝያ መተንፈስ አቃተኝ። ሁለት ወንበር ተሸክሜ አስፋልት መሻገር አቃተኝ፤ እግሬም አበጠ። የኔ ደብተር አልታደሰም፤ የአባትሽ ደብተር ደግሞ ሣጥኔ ውስጥ ነው። ፎቶው ደብዝዟል፤ በዚያ ላይ እኔና እሱ መንታ ነው የምንመስል። አንድ ቀን ብቻ ብዬ ነው፣ የምሥራች። ጋቢዬን ተከናንቤ ጤና ጣቢያው ሄድሁ፣ ሪፈር ጻፉልኝ። ዶክተሩ ልብህ ደክሟል አለኝ። መድኃኒት ጀመረልኝ፣ በወሩ ተመለስ አለኝ። ተመለስሁ።

የመጀመሪያው ቀን ነርሷ «አየነው ገበየሁ» ስትል ዝም ብዬ ቆሜ ነበር። ደገመች። ሠለሰች። ከዚያ አቤት አልሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ገና አፏን ስትከፍት ነው አቤት የምለው።

ያንቺ የመጀመሪያ ደብዳቤ ሲመጣ ያልበኝ ጀመር። ዶክተሩ አየነው ብሎ የሚያውቀው እኔን ነው። ካርዱ ላይ የተጻፈው የኔ ልብ ነው። እውነተኛውን አየነው ይዤ ብሄድ ምን ልል ነው? ስለዚህ ዘልዬ አነበብሁለት። ሐኪም ያልሽውን በሙሉ ዘለልሁ። «አባቴን ያሳዩልኝ» ያልሽበት ቦታ ስደርስ «ለአባቴ ሰላም በሉልኝ» ብዬ አነበብሁ። ፊቱ ጠቆረ፣ እንቢ አለ ያልሁሽ ሁሉ ፈጠራ ነው። እንቢ ያልሁት እኔ ነኝ። አፈር ልብላ።

ፖስታሽ የደረሰኝ ቅዳሜ ነው። እሑድ ዳንግላ ወረድሁ። እንቁ ቤተ ክርስቲያን እስክትሄድ ጠበቅሁና በአዊኛ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ፣ ሁሉንም ነገርሁት።

«አውቄዋለሁ» አለኝ።

በሰኔ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ልጅ ቤቱ መጥታ ነበር። ስሙ ከሆስፒታሉ መዝገብ ደርሷታል። «አባባ፣ የልብ መድኃኒትዎን በትክክል ይውጣሉ?» አለችው። እሱ የልብ መድኃኒት አይቶ አያውቅም። ትንሽ አሰበና «አዎ፣ እውጣለሁ» አላት። ደብተሩ ያለው እኔ ዘንድ መሆኑን ያውቃል፤ በፋሲካ ሳለከልክም አይቶኛል። እግሩ ላይ ጨርቅ አይታ «ይኼስ?» ስትለው «ክትትል ላይ ነኝ» አላት። ክትትል የምትለውን ቃል ያን ቀን ነው ከእሷው የተማራት።

«ለምን ዝም አልህ?» ብዬ ጮህሁበት። እኔ ደግሞ እጮሃለሁ! «እኔ ከሄድሁ አንተ መቅረትህ ነው» አለኝ። «ያንተ ልብ ነው፣ የኔ እግር ነው። ልብ ቀን አይሰጥም፣ እግር ይቆያል ብዬ ነው።»

ከዚያ ጨርቁን ፈታው። ጣቶቹ ጠቁረዋል፣ ጥቁሩ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ሽታውን አልነግርሽም። እንቁ ለካ ስንት ወር ይህን እያጠበች ነው ላንቺ «ሁሉም ደህና ነው» የምትለው።

ማክሰኞ ሳይነጋ በጋሪ አስፋልት አወጣሁት፣ በሚኒባስ ቆሰበር ገባን። የኔ ቀጠሮ ቀን ነበር። ከበሩ ሥር ቆምን። ነርሷ «አየነው ገበየሁ!» አለች። አፌን ሳልከፍት አባትሽ በክርኑ ገፋ አደረገኝና «ግባ፣ አንተን ነው» አለኝ። ነርሷ ሁለታችንን ተራ በተራ አየችና «አየነው ማንኛችሁ ነው?» አለች።

«እሱ ነው» አላት አባትሽ። «እኔ አስታማሚው ነኝ።»

የምሥራች፣ ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ ያያል። ከማኅበራችን ሁለት ሰዎች ነበሩ። አባትሽ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ተራውን ለእኔ ይሰጣል። «እሱ ነው አየነው። እኔ ይኸነው ነኝ፤ ከሚያዝያ ጀምሮ በስሙ ስታከም የኖርሁት እኔ ነኝ» አልሁ። ሁለት ጊዜ ነው የተናገርሁት። አንዲት ሴት «ወይ ጉድ!» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ከማኅበሩ ሰዎች አንዱ ፊቱን አዞረ።

ዶክተር እንዳልካቸው አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እጁን አፋትጎ አሞቀና የአባትሽን እግር ያዘ፣ ጣት በጣት አየ። ስኳሩ መሣሪያው ከሚቆጥረው በላይ ሆኗል። «በግንቦት አምጥታችሁት ቢሆን እግሩ ይተርፍ ነበር» አለን። በግንቦት፤ አንቺ በጻፍሽበት ወር።

አሁን ተኝቷል። ስኳሩን እያወረዱለት ነው። ሰኞ ከጉልበቱ በታች ይቆረጣል።

ይህን የምልከው በአዝመራው በኩል ነው። ፎቶ ሲያነሣ ያንብበው።

ይኸነው


ዐማን፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአቶ ይኸነው ገበየሁ

ጋሼ ማለት ዛሬ አልመጣልኝም።

ሰኞ ሲቆረጥ እኔ የአሮጊቷን እግር ቅባት እየቀባሁ ነበር። ስልክ ሞከርኩ፣ አይሠራም። ማክሰኞ ሞከርኩ። ረቡዕ እናቴን አገኘኋትና «አለ፣ ተርፏል» አለችኝ፤ ከዚያ እሷም እኔም አለቀስን፣ ኔትወርኩም ለአንድ ጊዜ እንኳ አልሄደም።

ልሰድብዎ ብዬ ስንት ወረቀት ጀምሬ ቀደድኩ። ፎቶዎን ከግድግዳው ላይ አነሣሁት። ሰዎች «አጎትሽ የት ሄዱ?» ሲሉኝ የምመልሰው ስላጣሁ መልሼ ለጠፍኩት። እንደገና አነሣሁት። ሰርክአዲስ ስታየኝ አንገቷን ትደፋለች። እሷ ምን አጠፋች? ተሳስተሻል ያልኳት እኔ ነኝ።

የኔም አለ። አምስት ዓመት አልመጣሁም። ገንዘብ ልኬ፣ ደብዳቤ ልኬ፣ የልጅነት ግዴታዬን በእርስዎ ላይ ጭኜ፣ እዚህ ለሰው «አባቴን የሚያይልኝ አጎት አለኝ» እያልኩ ነበር። ሙሉ በሙሉ ማመኔ መልካምነት ይመስለኝ ነበር። ማመኑ ስለሚቀለኝ ነው። አንድ ወር ፈቃድ ብጠይቅ ኖሮ እግሩን በዓይኔ አይ ነበር። አልጠየቅሁም። ፈርቼ ነው፤ ሥራዬን እንዳላጣ።

አባቴ የሚለውን መስማት እፈልጋለሁ። ሌላ ሰው እንዲጽፍለት ማድረግ እችል ነበር፤ አዝመራውም ይጽፍለታል። የሚጽፉት ግን እርስዎ ነዎት። እሱ የሚለውን ሁሉ ይጻፉ። ምንም አይዝለሉ፣ ምንም አይጨምሩ።

የምሥራች አየነው


ዳንግላ፣ ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለየምሥራች አየነው

የሚናገረው አባትሽ ነው፣ የምጽፈው እኔ። እሱ በአዊኛ ይላል፣ እኔ በአማርኛ አሰፍረዋለሁ። ከሆስፒታል ከወጣ ሁለት ሳምንት ሆነው። ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነው።

«ልጄ የምሥራች፣ አባትሽ ነኝ። አለሁ። እግሬ ሄዷል፣ እኔ ግን አለሁ። ጧት ስነቃ ያሳክከኛል፤ የሌለ እግር ያሳክካል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ጎንበስ ብዬ ላከው ስል ነው የማስታውሰው።

«ስኳሩን በመርፌ ነው የያዙት። እናትሽ ትወጋኛለች። በአንድ ቀን ነው የለመደችው፤ አርባ ዓመት ያናደድኋትን ሁሉ የምታወጣ ይመስለኛል። ጠላና ማር ከለከሉኝ። ማሩስ ይቅር።

«መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቻለሁ። የሚያርስልኝ ልጅ መጥፎ አይደለም፣ በሬ ላይ ግን ይቸኩላል። ቁጭ ብዬ እጮህበታለሁ።

«የመድን ቢሮ ሰዎች ደብተሩን ወስደውብን ነበር። ይኸነው ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ፈረመና በእኔ ስም ለታከመበት ልክፈል አለ። ዳማውን ሸጠ። አትሽጥ ብዬው ነበር፣ አልሰማኝም። ደብተሩ ተመለሰልን። እሱ የራሱን ማሳደስ የሚችለው ከጥር በፊት አይደለም ብለውታል፤ እስከዚያ መድኃኒቱን ከኪሱ ነው የሚገዛው። ማክሰኞ ማክሰኞ አብረን ነው የምንሄደው። እኔ ፊት እገባለሁ፣ እሱ ከፍሎ ከኋላ ይገባል። ሰው ያየናል፣ ያንሾካሽካል። የማኅበሩ ሰዎች ገና ሰላምታ አልሰጡትም። እኔ ክንዱን ይዤ ነው የምሄድ፣ ክራንቹ አልለመደኝማ።

«አንቺ አትምጪ ብዬሽ ነበር በልቤ፣ ሥራሽ እንዳይጠፋ። አሁን ግን ብትመጪ ደስ ይለኛል። እግሬን ለማየት አይደለም። እንዲሁ።

«አጎትሽን ጋሼ ብለሽ ጻፊለት። አቶ ያልሽውን ሲያነብልኝ ድምፁ ተቆረጠ።»

ይህን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር፤ ግን ምንም አትዝለል ብለሽኛል።

ከዚያ «አሁን ይህን ጻፍ» አለኝ።

«ደብተሩን ለይኸነው የሰጠሁት እኔ ነኝ። በሚያዝያ ታሞ ሳየው ጊዜ ሂድበት ብዬ በእጄ ነው የሰጠሁት። እሱን በደለኛ አታድርጊው። እግሬንም ያስቆረጠኝ የራሴ ግትርነት ነው።»

ይህንስ አልጽፍም ብዬ እስክሪብቶውን አስቀመጥሁ። «ታላቅህ ነኝ፣ ጻፍ» አለኝ። ጻፍሁት።

የምሥራች፣ እውነት አይደለም። አልሰጠኝም፤ አልጠየቅሁትማ። ብጠይቀው ይሰጠኝ ነበር።

ይኸነው ገበየሁ